ከመጠበቅ ወደ መከታተል፤ የጡት እብጠት ምርመራ ታሪክና የላስታ ደጋ

በዐለት ላይ የታየ ስንጥቅ ሁሉ ሕንፃውን አይጥልም። አንዳንዱ ዐለቱ ከተፈለፈለበት ዘመን ጀምሮ ሳይሰፋና ሳይረዝም የኖረ ሲሆን፣ አንዳንዱ ግን በየክረምቱ ውኃ እየሰረገበት ቀስ በቀስ የሚከፈት ነው። ሁለቱን በዐይን ብቻ መለየት ስለማይቻል መሐንዲስ በስንጥቁ ላይ መለኪያ ይተክላል፤ ቀኑን ይጽፋል፤ በተወሰነ ጊዜም ተመልሶ ይለካል። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የጥገና ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በ1950ዎቹ በቂ ጥናት ሳይደረግ የተቀባባቸው ሬንጅና ቀይ ቀለም ለድንጋዩ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተካሄደው ሥራ ልባሱ እንዲነሣ ተደርጓል። ችላ ማለት አንድ ስሕተት ነው፤ ሳይመረምሩ መድፈርም ሌላ ስሕተት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ መለካትና መከታተል ይባላል።

በሴት ጡት ውስጥ እብጠት ሲዳሰስ የሚነሣው ጥያቄም በዓይነቱ ከዚህ ጋር አንድ ነው። በምርመራ እንደታወቀው በጡት ላይ ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴቶች ዘንድ የሚበዛው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው፣ ሲነኩት ከጣት ሥር የሚሸሽ ድቡልቡል ዕጢ ነው። ዕድሜ ከ35 እስከ 50 ሲሆን ደግሞ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይበዛል። ከወር አበባ ጋር እየመጣ የሚሄድ ጉርብጥብጥ ጡት አለ፤ በምታጠባ እናት ላይ የሚቋጠር መግል አለ፤ አልፎ አልፎም የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ ጡትን አጥቅቶ እብጠት ሊያወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ «አብዛኞቹ» ማለት «ሁሉም» ማለት አይደለም። አንዲት ሴት ያገኘችው እብጠት ከብዙዎቹ ወገን ይሁን ከጥቂቶቹ ጣቷ ሊነግራት አይችልም።

የሕክምና ታሪክ በዚህ ረገድ ያፈራው ዋና ቁም ነገር መጠበቅና መከታተል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የሚጠብቅ ሰው ፍርዱን ለጊዜ ይተዋል። የሚከታተል ሰው ግን በቅድሚያ የነገሩን ምንነት በምርመራ ያረጋግጣል፤ ልኩን ይመዘግባል፤ የሚመለስበትን ቀን ይቈርጣል። የሰው ልጅ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሸጋገር ብዙ ሺህ ዓመታት ፈጅቶበታል።

፩. የጥንቱ ፍርድ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠውና ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራው የግብፅ ፓፒረስ በደረትና በጡት ላይ የሚወጡ እብጠቶችን አከታትሎ ያወሳል። መግል የቋጠረውን እብጠት ሐኪሙ እንዲያክመው ሲያዝ፣ ሲዳስሱት የማያተኩሰውንና መግል የሌለበትን ጉብታ ግን መድኃኒት የለውም ብሎ ይዘጋዋል። በዚያ ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ ዛሬም የሚያገለግል አንድ እውነት ተመዝግቧል፤ ይኸውም የሚያቃጥለውና የሚያሠቃየው እብጠት ሁልጊዜ የከፋው አለመሆኑ ነው። ግሪኮች በኋላ ለክፉው ዕጢ የሸርጣንን ስም ሰጡት፤ ካንሰር የሚለው ቃልም ከዚያው ትርጉም በላቲን በኩል የመጣ ነው።

በኢትዮጵያም ደብተሮችና የባህል ሐኪሞች ያቆዩአቸው የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትረልሲን በ1968 ያሳተመው ጥናት እነዚህ መጻሕፍት ምን ያህል የዕፀዋት ዕውቀት እንደያዙ ለዓለም አሳይቷል። ይሁን እንጂ በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሳንባ ሕመምም ለካንሰርም በአንድነት ሲያገለግል መኖሩ፣ በዐይን የሚታየውንና በእጅ የሚዳሰሰውን ብቻ ይዞ በሽታዎችን መለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበረ ያመለክታል። ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፤ የመላው ዓለም ሕክምና ችግር ነበር።

በአውሮፓ ካንሰር ያልሆኑትን የጡት ሕመሞች ለብቻቸው ለይቶ በሰፊው ከጻፉት መካከል በ1829 መጽሐፉን ያሳተመው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር ይገኛል። በ1838 ደግሞ ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር ዕጢዎች ከውስጥ ሲታዩ ከምን እንደተሠሩ በአጉሊ መነጽር ገለጸ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ፍርድ ከጣት ወደ መነጽር ተላለፈ።

ይሁን እንጂ አዲሱ ዕውቀት አዲስ ጭካኔንም አስከትሎ ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ በ1894 ውጤቱን ያሳተመው ታላቅ ቀዶ ሕክምና ጡትን ከደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር አጠቃልሎ የሚያወጣ ሲሆን፣ ለሰባና ለሰማንያ ዓመታት ገዢ ሥርዓት ሆኖ ቈየ። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ናሙናን አቀዝቅዞ በደቂቃዎች ውስጥ መመርመር በመቻሉም፣ አንዲት ሴት እብጠቷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ደንዝዛ ትተኛለች፤ ስትነቃ ጡቷ ይኑር አይኑር የምታውቀው በፋሻው ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ በመስከረም 1974 የታከሙት በዚሁ ሥርዓት ነበር። ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው በሁለት የተለያዩ ጊዜያት እንዲደረጉ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የመከሩት በ1979 ነው። በበርናርድ ፊሸር የሚመራው የምርምር ቡድን በ1985 ባወጣው ውጤት ደግሞ፣ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም፣ ሙሉውን ጡት ከመቍረጥ ጋር ሲነጻጸር በዕድሜ ረገድ ልዩነት እንደማያመጣ ተረጋገጠ። ወደ ሐኪም መሄድ ማለት ጡትን ማጣት ነው የሚለው ፍርሃት መሠረቱ እየጠበበ የመጣው ከዚህ ወዲህ ነው።

፪. ከፋብሪካ የመጡ መሣሪያዎች

እብጠትን ሳይቈርጡ ለማየት ያስቻሉት መሣሪያዎች ታሪክ ከምህንድስና ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1913 በርሊናዊው አልበርት ሳሎሞን በቀዶ ሕክምና የወጡ ወደ 3,000 የሚጠጉ ጡቶችን በራጅ አንሥቶ ካንሰሩ ምን እንደሚመስል አጠና። ነገር ግን የጡት ሥጋ ለስላሳ በመሆኑና ጥላው እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል፣ ለአጥንት የተሠራው የራጅ መሣሪያ በቂ ሥዕል አልሰጠም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሂዩስተን ይሠራ የነበረው ሮበርት ኢጋን መፍትሔውን ያገኘው ዝቅተኛ ቮልቴጅን ከከፍተኛ ኮረንቲ ጋር በማጣመርና ለኢንዱስትሪ ፍተሻ የተዘጋጀውን ረቂቅ ፊልም በመጠቀም ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላም በስትራስቡር ከተማ ሻርል ግሮ ከመሣሪያ ሠሪዎች ጋር ሆኖ ለጡት ብቻ የተበጀ፣ የሞሊብዴነም አኖድ ያለው የራጅ መሣሪያ ለሥራ አበቃ። ማሞግራፊ የሚባለው ምርመራ በዚህ ዓይነት ራሱን ችሎ ቆመ።

የአልትራሳውንድም ትውልድ ከዚህ አይለይም። ድምፅን በብረት ውስጥ አስተላልፎ በገደል ማሚቶው የተደበቀን ስንጥቅ ማግኘት እንደሚቻል ሶቪየታዊው ሰርጌይ ሶኮሎቭ በ1920ዎቹ መጨረሻ አመለከተ፤ በ1940ዎቹም አሜሪካዊው ፍሎይድ ፋየርስቶን መሣሪያውን ሠራው። በሚኒያፖሊስ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ጆን ዋይልድ በመጀመሪያ የሞከረው ለባሕር ኃይል የራዳር ሠልጣኞች የተሠራውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ ተውሶ ነበር። በ1951 ጆን ሪድ የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አብሮት መሥራት ጀመረ፤ በ1952 ሁለቱ የሕያው ጡትን እብጠት በድምፅ ሞገድ ሥዕል ለማሳየት እንደቻሉ አስታወቁ። ይህ መሣሪያ ጨረር የለውም፤ ውኃ የቋጠረውን ከረጢት ከደረቁ ዕጢ ይለያል፤ ማሞግራፊ በሚቸገርበት በወጣቶች ጥቅጥቅ ጡት ላይ የተሻለ ያያል፤ ዛሬም በእጅ ተይዞ በባትሪ የሚሠራ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ለወጣት ሴት የመጀመሪያው ምርመራ አልትራሳውንድ ሲሆን፣ ዕድሜዋ ገፋ ላለው ማሞግራፊ ይታከልበታል።

ሦስተኛው መሣሪያ መርፌ ነው። በኒውዮርክ የሜሞሪያል ሆስፒታል ባልደረቦች ማርቲንና ኤሊስ በ1930 ዕጢን በመርፌ ወግተው የቀዱትን ጥቂት ናሙና በአጉሊ መነጽር መርምሮ መፍረድ እንደሚቻል ጽፈዋል። ዘዴው ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የሠለጠነ እጅና በመነጽሩ በኩል የተቀመጠ የፓቶሎጂ ባለሙያ ነው።

ከዚህ በኋላ የጡት እብጠት በሦስት ምስክሮች ቃል የሚፈረድ ሆነ፤ እነርሱም የሐኪም እጅ፣ የመሣሪያ ሥዕልና የመርፌ ናሙና ናቸው። ሦስቱ ተስማምተው ካንሰር አይደለም ካሉ ክትትል ይጀመራል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተለየ ምርመራው ይቀጥላል እንጂ አይዘጋም።

፫. የክትትል ሥርዓት

ክትትል ራሱ እምነት የሚጣልበት ዘዴ መሆኑን ለማሳየት ቍጥር ያስፈልግ ነበር። በካሊፎርኒያ ኤድዋርድ ሲክልስ የተባለው የራጅ ሐኪም በ1991 ባሳተመው ጥናት፣ በማሞግራፊ ታይተው ካንሰር አይመስሉም የተባሉ 3,184 ጉዳዮች ወዲያው ሳይቈረጡ በየጊዜው ሲነሡ ቈዩ። ከነዚህ ካንሰር ሆነው የተገኙት 17 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህም ከመቶ ግማሽ ያህል ነው። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ1993 ያወጣው የደረጃ ሥርዓት የካንሰር ዕድሉ ከ2 በመቶ የማይበልጠውን ግኝት ለክትትል የመደበው በእንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። ቀጠሮውም እንደ ልማዱ በ6፣ በ12 እና በ24 ወር ነው።

በዚህ ውስጥ ለመሐንዲስ የሚታወቀው የመለኪያ ጥያቄ አለ። በስድስት ወር ውስጥ የዕጢው ዲያሜትር ከ20 በመቶ በላይ ካደገ ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ24 ሲያልፍ ማለት ነው። ይህን የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጣት አያውቀውም። ሴቶች እብጠትን በሽምብራ፣ በባቄላና በሎሚ መጠን መግለጻቸው የሚናቅ ባይሆንም፣ ሽምብራው ባቄላ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው የሚለካበት መሣሪያ በጣም ሸካራ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ልክ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ሁለተኛው ልክ ትርጉም የለውም፤ ካርድ የጠፋባት ታካሚም ክትትሏን እንደ አዲስ ትጀምራለች።

በቤት ውስጥ ሊፈቀድ የሚችለው መጠበቅ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የወር አበባዋን ገና የምታይ ሴት ከወር አበባ በፊት ያገኘችው ጉርብጥብጥ ነገር ወሩ ካለፈ በኋላ ይጠፋ እንደሆነ ለማየት የሚደረገው ነው። ከአንድ ዑደት በኋላ እዚያው ካለ መመርመር ይገባዋል። ቀጥሎ ያሉት ምልክቶች ግን ይህንንም አይጠብቁም፤ ጠንካራና ከቦታው የማይነቃነቅ እብጠት፤ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፤ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፤ የማይድን ቍስል፤ በብብት የሚዳሰስ ዕጢ፤ የወር አበባ ካቆመ በኋላ የተገኘ ማናቸውም አዲስ እብጠት። የምታጠባ እናት ጡቷ አብጦ ትኩሳት ቢይዛት በቶሎ መታከም አለባት፤ በሕክምና ካልቀለላትም እብጠቱ እንደገና መመርመር አለበት እንጂ ወተት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ካንሰር አይደለም ተብላ በክትትል ላይ ያለች ሴትም ቢሆን ከነዚህ አንዱን ካየች ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ መመለስ ይገባታል። ከሁሉ በላይ አለማመም የደኅንነት ማስረጃ አይደለም፤ የጡት ካንሰር በመጀመሪያው ወራት ብዙውን ጊዜ አያምምና።

ስለ ራስ ምርመራም ታሪክ ያስተማረው ነገር አለ። በሻንጋይ ከተማ ከ1989 ጀምሮ 266,064 የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ጡታቸውን በየወሩ በሥርዓት እንዲዳስሱ ሠለጠኑ። በ2002 በታተመው ውጤት መሠረት በካንሰሩ የሞቱት ከሠለጠኑት 135፣ ካልሠለጠኑት 131 ነበሩ። ስለዚህ ማስተማሩ ብቻውን ሞትን አልቀነሰም፤ ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎችን ብዛት ግን ጨመረ። በሙምባይ በአንጻሩ 151,538 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኛ ሴቶች የግማሽ ያህሉን ጡት በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው መርምረው፣ ያጠራጠራቸውን ወደ ሆስፒታል መሩ። ከ20 ዓመት በኋላ በ2021 እንደተገለጸው፣ በተመረመሩት ዘንድ በሽታው ሳይስፋፋ ተገኘ፤ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ በሆኑትም ላይ ሞት ወደ 30 በመቶ ቀነሰ፤ ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ግን የሞት ቅናሽ አልታየም። ከሁለቱ ጥናቶች የሚወሰደው ትምህርት፣ እብጠቱን ያገኘው እጅ ብቻውን ሕይወት እንደማያተርፍ ነው። ከእጁ ቀጥሎ ምርመራና ሕክምና ያለበት መንገድ መኖር አለበት።

፬. የላስታ መንገድ

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። በ2011 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የካንሰር መዝገብም ይህንኑ አሳይቷል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በታች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና በ1990ዎቹ መጨረሻ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት-60 መሣሪያ ከተጀመረ ወዲህ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በአገሪቱ ሌላ ማዕከል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጅማን በመሳሰሉ የክልል ከተሞች አገልግሎቱ ተጀምሯል።

ከዚህ አንጻር የላስታን ደጋ መመልከት ይገባል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የሚኖሩት መንደሮች በገደልና በሸለቆ የተለያዩ ናቸው። አንዲት የላስታ እናት ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ እርሻ ስታግዝ ውላ ማታ ልጇን ስታጠባ እብጠት ብታገኝ፣ እስኪያማት ድረስ ለማንም አለመናገሯ የሚያስገርም አይደለም። ጡት የሚታፈርበት አካል ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ቤቱን ትታ ብትሄድ የሚተካት የለም። ላሊበላ ከተማ ሆስፒታል ቢኖርም፣ ለተጨማሪ ምርመራ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ለመሄድ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዚህም ሌላ በቅድሚያ ወደ ጸበል የሚሄድ ሕመምተኛ አለ። ጸበሉና ምርመራው የሚጣሉ ባለመሆናቸው፣ ጸበል ላይ ያለችን ሴት ሐኪምም እንዲያያት የሚመክር ካህን ወራትን ሊያተርፍላት ይችላል።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ይህ ሰንሰለት ከየት ከየት እንደሚበጠስ በግልጽ ታየ። ከተማው ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ኤሌክትሪክ ኖረ፤ ሪፈር የሚጻፍበት የደሴ ሆስፒታልም በዚያው ጦርነት ተዘርፎ ነበር። ኮረንቲ በሌለበት ራጅ የለም፤ መንገድ በተዘጋበት ናሙና አይላክም፤ ናሙና ካልተላከ ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ቀርቷል ማለት ነው። የስድስት ወር ቀጠሮ የተሰጣት ሴት በዚያ ዘመን ሳትወድ ከክትትል ወደ መጠበቅ ተመለሰች።

ይሁን እንጂ ለሥርዓቱ መሠረት የሚሆን ነገር በአገሩ ላይ አለ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን አሠማርቷል፤ የሙምባዩ ጥናት የተመሠረተውም በእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች ላይ ነበር። ቀጠሮን ማስታወስም ለላስታ ሴት የሚከብድ አይደለም። ወሩ በሚካኤል፣ በማርያምና በጊዮርጊስ በሚቈጠርበት አገር፣ በጥር ጊዮርጊስ የተመረመረች ሴት ስድስት ወሯ በሐምሌ ጊዮርጊስ መሙላቱን ከማንም ቀን መቍጠሪያ በተሻለ ታውቀዋለች። የጐደለው በቀጠሮዋ ቀን መንገዱ ክፍት፣ መሣሪያው የሚሠራ፣ ያለፈው ልኳም ተጽፎ የሚጠብቃት መሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባቋቋመው የጡት ካንሰር ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ግብ አድርጓል። ይህ 60 ቀን በሐኪም ቢሮ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ከፊሉ በመንገድ ላይ ያልቃል፤ ከፊሉ መለዋወጫ በሚጠበቅለት መሣሪያ ዘንድ፣ ከፊሉ በጠፋ መብራትና በዘገየ የላቦራቶሪ ውጤት ያልቃል። በዚህ ምክንያት የጡት እብጠት ታሪክ የሐኪሞች ብቻ ታሪክ ሆኖ አያውቅም። የራዳር መሣሪያውን ያስተካከለው ሪድ፣ የፋብሪካ ፊልሙን የሠሩት ኬሚስቶች፣ የሞሊብዴነሙን አኖድ የቀረጹት ቴክኒሻኖች በየበኩላቸው ከቀኖቹ ጥቂቱን አሳጥረዋል። በላስታ ደጋም የሚቀረው ሥራ በአብዛኛው የዚሁ ዓይነት ነው። የሚጠገን መንገድ፣ የማይቋረጥ ኃይል፣ በወቅቱ የሚፈተሽ መሣሪያና የማይጠፋ መዝገብ በተሟሉበት ስፍራ፣ ካንሰር አይደለም የሚለው ቃል ከግምት ወደ ማስረጃ ይለወጣል፤ አንዲት እናትም እብጠቷን በፍርሃት ደብቃ ከመጠበቅ ይልቅ በቀጠሮዋ ቀን መጥታ ታስለካዋለች።